የክላሽ ጥይት አፈጣጠር፣ ጉዞና ቁስል፦ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ያለው ትርጉም

መግቢያ

የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ የሆነችው ወልድያ፣ በስተደቡቧ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳና በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች የጥይት ቁስል እንግዳ የማይሆንባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ አካባቢው የጦርነት ሜዳ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ የጤና ተቋማትም ለዘረፋና ለጉዳት ተዳርገዋል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ያደረገው የትጥቅ ግጭትም ሌላ የቁስለኞች ምዕራፍ ከፍቷል። ከጦርነት ውጪ ባለው ጊዜ ደግሞ በድንበር ጠብ፣ በደም መመለስ፣ በጥንቃቄ ጉድለት እንዲሁም በሠርግና በለቅሶ ላይ በሚተኮስ ጥይት የሚጎዱ ሰዎች ወደ ጤና ተቋማት ይመጣሉ።

በአካባቢው በስፋት ከሚታወቁት ጠመንጃዎች ቀዳሚው በተለምዶ ክላሽ የሚባለው ካላሽኒኮቭ ነው። ይህ መሣሪያ በሕክምና ባለሙያ ፊት አንድ እንቆቅልሽ ያቀርባል። በአንድ ዓይነት ጥይት ጭናቸውን ከተመቱ ሁለት ሰዎች አንዱ ከጥቂት ቀናት ንጽሕና በኋላ በእግሩ ሲሄድ፣ ሌላው እግሩን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱም ሲመጡ በቆዳቸው ላይ የሚታየው ከጣት ጫፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ጥይቱ በተሠራበት መንገድና ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በሚያሳየው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በመሆኑም ስለ ጥይቱ አፈጣጠር ማወቅ ለጦር መሣሪያ ጠበብት ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ የትኛው ቁስል መከፈት እንዳለበትና የትኛው ሳይነካ መተው እንደሚችል ለመወሰን የሚረዳ የሕክምና ዕውቀት ነው።

ከውጅግራ ወደ ምንሽር

ጥይት ሲባል በአንድነት የሚጠራው አራት ክፍሎች ያሉት ነገር ነው፤ እነሱም ወጥቶ የሚበረው አረር፣ ባሩዱ፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱልና ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው ቀለሃ ናቸው። ቁስል የሚያደርሰው አረሩ ሲሆን፣ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚኖረው የሚወስኑት በተለይ የባሩዱ ዓይነትና መጠን እንዲሁም የአፈሙዙ ርዝመት ናቸው።

በኢትዮጵያ ውጅግራ በሚል ስም የታወቀው፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለችው የግራ ጠመንጃ የጥቁር ባሩድ ዘመን መሣሪያ ነበር። አረሩ 11 ሚሊሜትር ስፋትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ ምንም ሽፋን የሌለው ልጥ እርሳስ ሲሆን፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነበር። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ አጥንት ሲያገኝ ይደፈጠጣል፤ ስፋቱም ስለሚጨምር አጥንቱን ያደቅቀዋል። በአድዋ ዘመን የነበሩ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ትልቅና ዘገምተኛ የእርሳስ አረር የሚተኩሱ ነበሩ። ከአድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 አዲስ አበባ የደረሰው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ያከማቸው ቁስለኞችም የዚሁ ዘመን ቁስለኞች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ መሥራቱ የጥይትን ታሪክ ለወጠው። አዲሱ ባሩድ አረሩን እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሚገፋ ልጥ እርሳስ የአፈሙዙን ውስጠኛ ጠመዝማዛ ቦይ ይዞ መሽከርከር አቃተው። ስለዚህ እርሳሱን በመዳብ ቅይጥ ወይም በብረት መሸፈን፣ ስፋቱንም መቀነስ ግድ ሆነ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1891 የተቀበለችው፣ በአገራችን ምንሽር ከሚባሉት ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ካርካኖ የዚህ ለውጥ ውጤት ነው። አረሩ 6.5 ሚሊሜትር ስፋትና 10.5 ግራም ክብደት ያለው፣ ረጅምና ጫፉ ድቡልቡል ሲሆን፣ ከረጅሙ ጠመንጃ ሲተኮስ ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ነው።

በዚያን ጊዜ የሐኪሞችን ትኩረት የሳበው ነገር የውጅግራና የምንሽር አረሮች ጉልበት እምብዛም አለመለያየቱ ነው። በስሌት ሲታይ ሁለቱም ከአፈሙዝ ሲወጡ 2,500 ጁል ያህል ጉልበት አላቸው። የሚያደርሱት ቁስል ግን ለየቅል ነው። ሽፋን የሌለው እርሳስ አጥንትን ሲያደቅ፣ ረጅሙና ሽፍን የሆነው አረር ብዙ ጊዜ ለስላሳውን ሥጋ ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶለት ያልፋል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስዊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በልዩ ልዩ ቁሶች ላይ እየተኮሰ ይህን ጉዳይ ካጠኑት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ከዚያ ዘመን ጥናት የተገኘው ትምህርት ጉልበት ብቻውን ቁስልን እንደማይወስን፣ የአረሩ ቅርጽና የተሠራበት ቁስም እኩል ትኩረት እንደሚሹ ነው።

የመካከለኛው ጥይት አፈጣጠር

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአረሩ ጫፍ ሹል እንዲሆን ተደረገ። ሹል አረር አየርን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ፍጥነቱን ጠብቆ ሩቅ ይሄዳል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1908 ለነባሩ 7.62 በ54 ሚሊሜትር ጥይቷ የተቀበለችው ሹል አረር 9.6 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ ጉልበቱ ከ3,000 ጁል በላይ ነው። ይህ ጥይት በኢትዮጵያ በመትረየስና በአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ አማካይነት የሚታወቅ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ግን ይህን የመሰለው ኃይለኛ ጥይት ለአብዛኛው እግረኛ ወታደር ከሚያስፈልገው በላይ እንደሆነ ታመነበት። ውጊያው በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ሜትሮች ባልበለጠ ርቀት የሚካሄድ ሲሆን፣ ኃይለኛው ጥይት በተከታታይ ሲተኮስ ጠመንጃውን ስለሚያራግበው ኢላማ መያዝ ያስቸግራል። የሽጉጥ ጥይት ደግሞ ለዚያ ርቀት አቅም የለውም። ጀርመኖች በመካከል የሚገኝ 7.92 በ33 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ጥይት ሠርተው በጦር ሜዳ አዋሉ። ሶቭየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሳሳይ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ 41 ሚሊሜትር የነበረው የቀለሃ ርዝመት በኋላ ወደ 39 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ በክላሽ የሚተኮሰው 7.62 በ39 ጥይት ተወለደ። ሙሉው ጥይት 16 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከነባሩ 22 ግራም ገደማ ጥይት በግልጽ ይቀልላል፤ ወታደሩም በእኩል ክብደት ብዙ ጥይት መሸከም ቻለ። ሚካኤል ካላሽኒኮቭ የነደፈው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1949 በሶቭየት ጦር ተቀባይነት ሲያገኝ ጥይቱም ከእርሱ ጋር በዓለም ተሠራጨ።

ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባው ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የጦር መሣሪያ አቅርቦቱን ከአሜሪካ ወደ ሶቭየት ኅብረት ባዞረበት ወቅት ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን እጅግ ብዙ ጠመንጃ በሕዝቡ እጅ ቀርቷል። የጦር መሣሪያ አያያዝን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣ ቢሆንም፣ በመሣሪያው የሚደርሰው ጉዳት የጤና ተቋማትን ደጅ ማንኳኳቱ አልቀረም።

የተለመደው የክላሽ አረር 7.9 ግራም ይመዝናል። ውጪው መዳብ የተቀባ ብረት፣ መሐሉ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ስስ የእርሳስ ንጣፍ አለ። ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር፣ ጉልበቱም 2,000 ጁል ያህል ነው። እንግዲህ ክላሽ ከምንሽርም ሆነ ከአሮጌው ውጅግራ በጉልበት ያነሰ ነው ማለት ነው። የሚያደርሰው ቁስል እጅግ የሚለዋወጥበትን ምክንያት ለመረዳት አረሩን በአየርና በሥጋ ውስጥ መከተል ያሻል።

አረሩ በአየር ውስጥ

የሹል አረር ክብደት ወደ ኋላው ያዘነብላል፤ አየር የሚገፋበት ነጥብ ግን ከፊቱ ነው። ስለዚህ ብቻውን ቢተው ጅራቱ ቀድሞ መሄድን ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው ከአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ የሚያገኘው ሽክርክሪት ነው። የክላሽ አፈሙዝ አረሩን በ24 ሴንቲሜትር አንድ ጊዜ ስለሚያዞረው፣ አረሩ በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ይወጣል። እንዝርት ወይም የልጆች እሽክርክሪት በፍጥነት እስከዞረ ድረስ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ አረሩም በዚህ ሽክርክሪት ኃይል ጫፉን ወደ ፊት አድርጎ ይበራል።

አየሩ ግን ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። 300 ሜትር ከተጓዘ በኋላ የአረሩ ጉልበት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከነበረው ከግማሽ በታች ይሆናል። ስለሆነም በቅርብና በሩቅ የተመቱ ሰዎች የሚደርስባቸው ጉዳት በአንድ ጠመንጃም ቢሆን የተለያየ ነው።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም መመለሱ አይቀርም። ቀጥ ብሎ ወጥቶ የሚወድቅ የጠመንጃ አረር አየሩ ስለሚያዘገየው በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ፍጥነት ኖሮት መሬት ሊደርስ ይችላል። ቆዳን ለመብሳት በሰከንድ ከ60 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ፍጥነት ስለሚበቃ፣ ይህ አረር በተለይ በሕፃናት ላይ የራስ ቅል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አግድም ያዘነበለ ተኩስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ይዞ ይወርዳል። በመሆኑም በሠርግ ወይም በጥምቀት በዓል ሰሞን ድንገት ራሱን የሳተ፣ በጸጉሩ ውስጥ ትንሽ ቁስል ያለበት ልጅ ሲመጣ፣ ተኩስ አልነበረም ቢባልም እንኳ ራጅ ማንሳት ተገቢ ነው።

አረሩ በሰው አካል ውስጥ

የሰው ሥጋ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የበለጠ ጥግግት አለው። በአየር ውስጥ አረሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ሽክርክሪት በሥጋ ውስጥ አይበቃውም። አረሩ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ይንጋደዳል፣ በጎኑ ይዞራል፣ በመጨረሻም ጅራቱን አስቀድሞ ይሄዳል። በጎኑ በሚዞርበት ቅጽበት ሥጋውን የሚገፋው ስፋቱ ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ ከጉልበቱ አብዛኛውን ለአካሉ የሚያስረክበው በዚያ ስፍራ ነው።

ይህ ሲሆን ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛው አረሩ በቀጥታ ቀጥቅጦ የሚተወው ዘላቂ የቁስል ቦይ ነው። ሁለተኛው ሥጋው ወደ ጎን ተገፍቶ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ የሚፈጠረውና መልሶ የሚከደነው ጊዜያዊ ክፍተት ነው። እንደ ሳንባና ጡንቻ ያሉ የሚለጠጡ የአካል ክፍሎች ይህን መወጠር በአብዛኛው ይቋቋሙታል። ጉበት፣ ጣፊያ፣ አንጎልና የሞላ የሽንት ፊኛ ግን መለጠጥ ስለማይችሉ ይሰነጠቃሉ። ክፍተቱ በሚከደንበት ጊዜ ከቁስሉ ሁለት ጫፎች የልብስ ቁራጭ፣ አፈርና ተህዋስያን ወደ ውስጥ ይሳባሉ። ጥይት ሲተኮስ ስለሚግል ከጀርም ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ሉዊስ ላጋርድ ከመቶ ዓመት በፊት በሙከራ አሳይቷል።

አረሩ ምን ያህል ከተጓዘ በኋላ ይንጋደዳል የሚለው ጥያቄ የእንቆቅልሹ ቁልፍ ነው። በቬትናም ጦርነት ወቅት በቀዶ ሕክምና ያገለገለውና በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ የቁስል ባሊስቲክስ ላቦራቶሪ የመራው ማርቲን ፋክለር የጡንቻን ጠባይ በሚመስል ጄላቲን ላይ እየተኮሰ ይህን ለክቷል። በውጤቱ መሠረት የብረት እምብርት ያለው የተለመደው የክላሽ አረር ከመንጋደዱ በፊት 26 ሴንቲሜትር ያህል ጫፉን ወደ ፊት አድርጎ ይሄዳል። የአዋቂ ሰው ጭን ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ አጥንት ካልነካ አረሩ ገና ሳይንጋደድ በሌላው ወገን ይወጣል፤ የሚተወውም ቁስል የሽጉጥ ቁስል የሚመስል ጠባብ ቦይ ነው። ለስላሳ የእርሳስ እምብርትና ጠፍጣፋ ጅራት ያለው የዩጎዝላቪያ ሥሪት አረር ግን ለዚያው ጠመንጃ የተሠራና ከውጭ ሲታይ የማይለይ ሆኖ ሳለ 9 ሴንቲሜትር ያህል እንደሄደ ይንጋደዳል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በጭኑ መካከል ነው። ከክላሽ በኋላ የመጣው 5.45 በ39 ሚሊሜትር ጥይት ደግሞ 7 ሴንቲሜትር ያህል ሄዶ ይንጋደዳል።

አጥንት ሲመታ ይህ ሁሉ ስሌት ይለወጣል። አረሩ ወዲያውኑ ይገለበጣል፣ ሊደፈጠጥም ይችላል፤ አጥንቱ ወደ ብዙ ስብርባሪ ይለወጣል፤ የደም ሥርና ነርቭም አብረው ሊቆረጡ ይችላሉ። ግንድን፣ ድንጋይን ወይም የመኪና ቆርቆሮን ነክቶ የመጣ አረርም ሰውነትን የሚመታው ቀድሞውኑ ተንጋድዶ ስለሆነ፣ መግቢያው ሰፊና ቅርጽ የለሽ ይሆናል። በሆድ ውስጥ አረሩ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ የመንጋደድ ዕድል ያገኛል፤ ስለዚህ የሆድ ቁስል በቀዳዳው ማነስ ፈጽሞ አይለካም።

የወሎ ግንባርና የዱምዱም ክስ

ከቁስሉ ተነሥቶ ስለ ጥይቱ መፍረድ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ የወሎ የራሱ ታሪክ ምሳሌ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1899 የተደረገው የሄግ ስምምነት በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚደፈጠጥና የሚሰፋ አረርን በጦርነት መጠቀምን ከልክሏል። እንዲህ ያለው አረር በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ በሚገኘው የዱምዱም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም ይጠራ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች የዱምዱም ጥይት ይጠቀማሉ የሚል ክስ ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረበች ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። በዚያው ጦርነት ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ተጠቅማለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመትቷል። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከወልድያ በስተሰሜን በምትገኘው ኮረም አጠገብ ዶክተር ጆን ሜሊ ይመራው የነበረው የእንግሊዝ የቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ከአየር በቦምብ ተደብድቧል።

የክሱ ፖለቲካዊ ገጽታ ለታሪክ ጸሐፊዎች የሚተው ሆኖ፣ በሕክምና ረገድ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሰፊና የተቦጫጨቀ የመውጫ ቁስል የተከለከለ ጥይት መተኮሱን አያረጋግጥም። ሕጋዊ የሆነው ሽፍን አረርም አጥንት ሲመታ ወይም በጎኑ እየዞረ ሲወጣ የዚያኑ ዓይነት ቁስል ያደርሳል። የጥቁር ባሩድ ዘመን ልጥ እርሳስ ደግሞ ለመደፈጠጥ ታስቦ ሳይሆን ከተሠራበት ቁስ የተነሣ ይደፈጠጣል። ይህ ትምህርት ዛሬም ለፍርድ ቤት የሕክምና ማስረጃ ለሚጽፍ ባለሙያ ይጠቅማል። ባለሙያው የሚጽፈው የቁስሉን ስፍራ፣ ስፋት፣ ጠርዝ፣ በዙሪያው የባሩድ ጥቀርሻ መኖር አለመኖሩንና በራጅ የታየውን ነው። ትልቁ ቀዳዳ ሁልጊዜ መውጫ ነው ብሎ መደምደም ወይም የጠመንጃውን ዓይነት በግምት መጻፍ ንጹሕን ሰው ሊያስቀጣ፣ ጥፋተኛውን ሊያስመልጥ ይችላል። ከአካል የወጣ አረርም ጥርስ ባለው መቆንጠጫ ሳይፋቅ፣ ተሽጎ ለሚመለከተው አካል መተላለፍ አለበት።

ከመርሳ እስከ ወልድያ፦ ለሕክምና ያለው ትርጉም

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በአንድ መመሪያ ይጠቃለላል፤ የሚታከመው ቁስሉ እንጂ ጠመንጃው አይደለም። በክላሽ ተመቷል ተብሎ ጠባቡን ቦይ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መክፈት ደኅና ጡንቻን ማበላሸት ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው ተብሎ ሳይመረመር መስፋት ደግሞ የሞተ ሥጋን በውስጡ ቀብሮ ጋዝ ጋንግሪንንና ቴታነስን መጋበዝ ነው።

ቁስለኛው መጀመሪያ የሚደርስበት የገጠር ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ ዋናው ሥራ ሕይወትን ማትረፍና ቁስለኛውን ለጉዞ ማዘጋጀት ነው። የአየር መንገዱን መክፈት፣ የደረት ቀዳዳን መሸፈንና መከታተል፣ የሚፈስ ደምን በቀጥታ በመጫን ማስቆም ይቀድማሉ። በመጫን ያልቆመ የእጅ ወይም የእግር ደም በሰፊ ማሰሪያ ሲታሰር፣ የታሰረበት ሰዓት በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ማሰሪያ እግሩን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። የተሰበረ አጥንት ሳይንቀሳቀስ መታሰር ይኖርበታል። ልብሱ ሙሉ በሙሉ ተገፎ ጀርባ፣ ብብትና መቀመጫ ሳይቀሩ መታየት አለባቸው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ ስፍራዎች ነው። ቁስሉ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በደረቅ ፋሻ ይሸፈናል፤ በጤና ጣቢያ አይሰፋም፣ አረሩም አይፈለግም።

የፔኒሲሊን ወገን የሆነ ጸረ ተህዋስ በቶሎ መጀመርና ቴታነስን መከላከል ችላ የማይባሉ ናቸው። በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለአዋቂዎች የሚሰጠው የቴታነስ ክትባትም ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በእናቶች ላይ ነበር። ስለዚህ በገጠር የሚኖር አዋቂ ወንድ ተከትቧል ብሎ መገመት አይገባም። ሆኖም ጸረ ተህዋስ መድኃኒት በደም አማካይነት የሚሄድ በመሆኑ ደም ወደማይደርስበት የሞተ ሥጋ አይደርስም፤ የቀዶ ሕክምናን ምላጭ ሊተካም አይችልም።

ወልድያ ሆስፒታልን በመሰለ የቀዶ ሕክምና ባለበት ተቋም የቁስሉን ደረጃ ለመለየት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያዘጋጀው የቁስል መለኪያ ቀላልና ጠቃሚ ነው። መለኪያው የመግቢያውንና የመውጫውን ስፋት በሴንቲሜትር፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቁስሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ያለው መሆን አለመሆኑን፣ አጥንቱ የደቀቀ መሆን አለመሆኑን፣ ሕይወትን የሚያሰጋ የአካል ክፍል መነካቱንና በራጅ የሚታዩትን ብረቶች ብዛት ይመዘግባል። የመግቢያውና የመውጫው ስፋት ተደምሮ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ሆኖ፣ ጎድጓዳ ከሌለውና አጥንቱ ካልደቀቀ ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ስፋቱ ያው ሆኖ ጎድጓዳ ካለው ወይም አጥንቱ ከደቀቀ ሁለተኛ፣ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ እነዚህ ከተጨመሩበት ሦስተኛ ደረጃ ይሆናል። የጠመንጃው ስም በመለኪያው ውስጥ አለመግባቱን ልብ ይሏል።

ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለ የለስላሳ ሥጋ ቁስል፣ የደም ሥርና ነርቭ ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ፣ ብዙውን ጊዜ በማጠብ፣ በፋሻ፣ በጸረ ተህዋስና በቴታነስ መከላከያ ይድናል። ከዚያ በላይ ያለው ቁስል ቆዳውና የጡንቻው ሽፋን ተከፍቶ የሞተው ሥጋ መወገድ አለበት። የሞተ ጡንቻ በአራት ምልክቶች ይለያል፤ ቀለሙ ይጠቁራል ወይም ይገረጣል፣ ሲነካ ይላላል፣ ሲቆነጠጥ አይኮማተርም፣ ሲቆረጥ አይደማም። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ክፍት ሆኖ በብዛት በተነባበረ ደረቅ ጋዝ ይሸፈናል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ በቀዶ ሕክምና ክፍል ተገልጦ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ይሰፋል። ከዚህ ደንብ የሚወጡት እንደ ፊት፣ የራስ ቆዳና የአንጎል ሽፋን ያሉ ጥቂት ስፍራዎች ናቸው። በየቀኑ ፋሻ እየገለጡ ማየት ቁስሉን አዲስ ተህዋስ ከማስገባት በቀር ፋይዳ የለውም፤ ትኩሳት፣ የሚብስ ሕመም ወይም መጥፎ ጠረን ካለ ግን በቶሎ መገለጥ አለበት።

ቁስለኞችና ቤተሰቦቻቸው አዘውትረው የሚጠይቁት አረሩ ይውጣልን የሚል ነው። በጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ የማያውክ አረር መተው ይቻላል፤ እርሱን ፍለጋ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከአረሩ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ አረር ግን መውጣት አለበት፤ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እርሳስን እያሟሟ መገጣጠሚያውን ያበላሻል፣ ወደ ደምም ያስገባዋል። የክላሽ አረር እምብርቱ ብረት በመሆኑ ሌላም ጥንቃቄ ይሻል። በአካሉ ውስጥ አረር የቀረበት ሰው ከዓመታት በኋላ ኤም አር አይ ቢታዘዝለት፣ የመሣሪያው ማግኔት ብረቱን ሊስበው ስለሚችል፣ አረሩ መኖሩና የሚገኝበት ስፍራ በሕክምና ካርዱና በሚሰጠው ማስረጃ ላይ መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

የክላሽ ጥይት ከኃይለኞቹ የጠመንጃ ጥይቶች ያነሰ ጉልበት እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ መካከለኛ ጥይት ነው። ጉዳቱ ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው አረሩ በሰውነት ውስጥ ሳይንጋደድ በማለፉ ወይም በመንጋደዱ፣ አጥንት በመምታቱ ወይም በመሳቱ፣ በሚለጠጥ ወይም በማይለጠጥ አካል ውስጥ በማለፉ ነው። ይህንን ከውጭ ከሚታየው ቀዳዳ መረዳት አይቻልም፤ ከጠመንጃው ስምም አይገኝም። በሐብሩ ገጠር ደሙን አስቁሞ፣ የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ፣ ቁስሉን ሳይሰፋ የሚልክ የጤና ባለሙያና በወልድያ ሁለት ጣቱን አስገብቶ ለክቶ፣ የሞተውን አስወግዶ፣ የቀረውን ክፍት የሚተው ቀዶ ሐኪም አንድ ሥራ ተከፋፍለው የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቸኩሎ ቢሰፋ ሁለተኛው የሚቀበለው የበሰበሰ እግር ነው፤ የመጀመሪያው በአግባቡ ቢልክ ግን ገበሬው ወደ እርሻው በሁለት እግሩ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።